ኪዩቡ ሲገፋልኝ ልተወው ወይስ ልቀበለው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎካችን ስር ባለችው ካፌ ቅዳሜና እሁድ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ባክጋሞን እንጫወታለን፤ ሁለት ዳይስ እየጣሉ ጠጠርን በሰሌዳው ዞሮ ቀድሞ ያወጣ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ጋሼ ድሮ መርከበኛ ነበሩ፤ ጨዋታውን የለመዱት ወደብ ለወደብ ሲዞሩ ነው። እኔ ከሳቸው ተማርኩ። የምንጫወተው በማኪያቶ ነው። ባለፈው እሁድ ጠጠሮቻችን ተላልፈው አልቀዋል፣ ሩጫ ብቻ ነው የቀረው። ቆጠርን፤ ለሳቸው 100 እርምጃ ቀርቷቸዋል፣ ለኔ 110። ተራው የሳቸው ነበር። ዳይሱን ከመጣላቸው በፊት ኪዩቡን (የጨዋታውን ዋጋ እጥፍ የሚያደርገውን ባለ ቁጥር ኩብ) 2 ላይ አድርገው ገፉልኝ። ተውኩና አንድ ማኪያቶ ከፈልኩ። ኪዩብ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማደርገው። ልክ ነኝ? ደግሞስ ይሄ ጨዋታ ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? እኔ 6 ስፈልግ አይመጣም፤ ለሳቸው ግን ይታዘዝላቸዋል።»

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። የእሁዱን አስቀድሜ ልመልስልህ፤ ሌላው ረዘም ይላል። ጋሼ ኪዩቡን መስጠታቸው ልክ ነበር። አንተ ደግሞ መቀበል ነበረብህ።

«እሳቸው መስጠታቸው ልክ ከሆነ እኔም መተዌ ልክ ነዋ!» ትል ይሆናል። አይደለም። መስጠቱም መቀበሉም እኩል ልክ የሚሆንበት ሰፊ ቦታ አለ። የእሁዱ ጨዋታህ እዚያ መሃል ላይ ነበር። ይሄን ለማሳየት ግን ከዳይሱ ልጀምር። በዳይሱ ላይ ያለህ ቅሬታ ካልተፈታ የኪዩቡ ሒሳብ አይዋጥልህም።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። አንዱን ቀይ፣ ሌላውን ነጭ አድርገህ አስበው። ቀዩ በ6 መልክ ይወድቃል። ለእያንዳንዱ ነጩ ሌላ 6 መልክ አለው። ስለዚህ 6-5 በሁለት መንገድ ይመጣል፦ ቀዩ 6 ነጩ 5፣ ወይም በተቃራኒው። 6-6 ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው።

ካፌው ውስጥ የካርቶን ቁራጭ አይጠፋም። 6 በ6 የሆነ ሰንጠረዥ ሥራበት። ከላይ ከ1 እስከ 6፣ በጎንም ከ1 እስከ 6 ጻፍ። አሁን የ6ን ዓምድ ከላይ እስከ ታች፣ የ6ንም ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ በእስክሪብቶ አጥቁር። የጠቆሩትን ሳጥኖች ቁጠር። 12 ትላለህ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ 11 ናቸው። ጥጉ ላይ ያለችው 6-6 በዓምዱም በረድፉም ስላለች ሁለቴ አትቆጠርም። እንግዲህ «6 ስፈልግ አይመጣም» ያልከው ስለነዚህ 11 ሳጥኖች ነው። የቀሩት 25ቱ 6 የለባቸውም። ሦስት ጊዜ ጥለህ ሦስቴም 6 የማጣት ዕድልህ 33 ከመቶ ገደማ ነው። አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ማንም አላሟረተብህም፣ ተራ ነገር ነው። አሥር ጊዜ ጥለህ አንድም ጥንድ (ሁለቱም ዳይስ አንድ ዓይነት ቁጥር) ሳታይ መቅረትም 16 ከመቶ አካባቢ ያጋጥማል።

ለጋሼም ያው 11 ነው። ዳይሱ ማን እንደጣለው አያውቅም፤ ቅድም ምን እንደወደቀም አያስታውስም። ለውጡ ያለው ጠጠር አቀማመጥ ላይ ነው። የቆየ ተጫዋች አንድ ቁጥር ብቻ ጠብቆ አይቀመጥም። 6ም፣ 4ም፣ 3ም ቢመጣ የሚጠቅመው አድርጎ ነው ጠጠሩን የሚያስቀምጠው። ከዚያ 4 ይወድቃል፤ አንተም «አቤት ሲታዘዝላቸው!» ትላለህ። (አሁንም ከተጠራጠርክ ዳይሱ በቡና ስኒ ተንቀጥቅጦ ይጣል በል። ነውር የለውም፤ ትልልቅ ውድድሮች ላይም በኩባያ ነው የሚጣለው።)

ችሎታው የት ጋ እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። ብቻዋን በቆመች ጠጠር ላይ ተቃራኒ ካረፈ ትመታለች፤ ከሰሌዳው ወጥታ እንደገና ከመጀመሪያው ትገባለች። እንዲህ የቆመች አንዲት ጠጠርህ ከጋሼ ጠጠር 6 ቤት (የሰሌዳው መቆሚያ) ትርቃለች እንበል። መሃል ላይ የሚዘጋቸው ነገር ከሌለ በስንት አወዳደቅ ይመቷታል? 6 ያለባቸው 11ዱ አሉ። 5-1 ሁለት ጊዜ፣ 4-2 ሁለት ጊዜ። 3-3 አንድ፣ 2-2 አንድ (ጥንድ ሲወድቅ ቁጥሩ አራት ጊዜ ይኬዳል)። ድምሩ 17። ከ36 ግማሽ ለመሙላት አንድ ነው የጎደለው።

አሁን ያችኑ ጠጠር አንድ ቤት ብቻ አርቃት፤ 7 ቤት ትሁን። 6-1፣ 5-2፣ 4-3፣ እያንዳንዳቸው በሁለት መንገድ። በቃ፣ 6 ብቻ። በአንዲት እርምጃ ከ17 ወደ 6 ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ6 ቤት በላይ አንድ ዳይስ ብቻውን አይደርስም፤ ሁለቱ ተባብረው ልኩን ማምጣት አለባቸው። ከ6 ወዲህ ደግሞ በተጠጋህ ቁጥር አደጋው ይቀንሳል፦ 4 ላይ 15 አወዳደቅ፣ 2 ላይ 12፣ አፍንጫው ስር 1 ላይ 11። ስለዚህ መጋለጥህ ካልቀረ ወይ በጣም ተጠጋ፣ ወይ ከ6 አልፈህ ራቅ። አብዛኛው ጀማሪ 6 ላይ ትቶ ነው «ዕድሌ ጠማማ ነው» የሚለው።

ከተመታህም በኋላ ቁጥሩ አይተውህም። ጋሼ አንተ ከምትገባባቸው 6 የውስጥ ቤቶቻቸው 4ቱን ሁለት ሁለት ጠጠር አቁመው ከዘጉ ተመልሰህ የምትገባው ከ36ቱ በ20ው ነው። አምስተኛውን ሲዘጉ በ11 ብቻ። አንድ ቤት መዝጋት ዕድልህን በግማሽ ሊቀንሰው ምንም አይቀረው። እሳቸው ለቤት መዝጋት የሚጣደፉ ከመሰለህ በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? ሁለቱም ነው። የሚታዩበት ጊዜ ነው የሚለየው። ፕሪሚየር ሊግ ታያለህ መቼም። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን አንድ ቅዳሜ መሪውን ያሸንፋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። ከ38 ጨዋታ በኋላ ግን ሰንጠረዡ ላይ ማን የት እንዳለ ታያለህ። በቁጥር እናድርገው። ጋሼ ካንተ ትንሽ ሻል ይላሉ፤ እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድላቸው 55 ከመቶ ነው እንበል። ቅዳሜ 5 ጨዋታ ብትጫወቱ እሳቸው በልጠው የሚነሱበት ዕድል 59 ከመቶ ነው። በ41ዱ አንተ ትበልጣለህ፤ ያውም ደካማው አንተ ሆነህ። 100 ጨዋታ ሲሆን ግን እሳቸው የሚመሩበት ዕድል ከ80 ከመቶ ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ውጤት ራስህንም እሳቸውንም አትመዝን።

የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞንቴ ካርሎ ላይ፣ ሐንስ በርሊነር የሠራው ቢኬጂ 9.8 የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ሉዊጂ ቪላን 7 ለ1 ረታ። ዓለም ጉድ አለ። በርሊነር ግን ቁጭ ብሎ ጨዋታውን ሲመረምር ዳይሱ ለማሽኑ አድልቶ እንደነበርና የተሻለው ተጫዋች ቪላ እንደሆነ አመነ። ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ። ስንቱ ነው አሸንፎ እንዲህ የሚል?

ከዚያ የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ቲዲ-ጋሞን ከራሱ ጋር እየተጫወተ ነው የተማረው። አንደኛው ዝርያው 1.5 ሚሊዮን ጨዋታ ከራሱ ጋር ከተጫወተ በኋላ ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቢል ሮበርቲ ጋር 40 ጨዋታ ገጠመ። የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሊቃውንቱም አንዳንድ የለመዱትን የመክፈቻ አካሄድ ከሱ አይተው ቀየሩ። ነገሩ ዕድል ብቻ ቢሆን ማሽኑ በ1.5 ሚሊዮን ጨዋታ የሚማረው ነገር ባልኖረ ነበር።

ወደ ኪዩቡ እንምጣ። ለኔ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ችሎታ ያለው እሱ ላይ ነው፤ ጠጠር ማንቀሳቀሱን ማንም ይለምደዋል።

ባክጋሞን የጥንት ጨዋታ ነው። ኪዩቡ ግን የመጣው በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በ6 ገጹ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 ተጽፎበታል። ሲጀመር መሃል ይቀመጣል፤ 64 ወደ ላይ ይሆናል፤ ያኔ የሚቆጠረው ግን እንደ 1 ነው። የፈለገ ሰው በተራው፣ ዳይስ ሳይጥል፣ «እጥፍ» ብሎ ይገፋል። ተቀባዩ ሁለት ምርጫ አለው፦ ትቶ አሁን ባለው ዋጋ መሸነፍ፣ ወይም በእጥፍ መቀጠል። ከቀጠለ ኪዩቡ የሱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መግፋት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

ኪዩቡ በመሠረቱ የሚጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ይህ ያላለቀ ጨዋታ አሁን ባለበት ስንት ያወጣል? ጥያቄው ከኪዩቡ ይቀድማል። የዕድል ሒሳብ ራሱ በዚህ ጥያቄ ነው ጉልበት ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፈረንሳዮቹ ፓስካልና ፌርማ በደብዳቤ ይከራከሩበት ነበር። የፓስካል ምሳሌ ይሄ ነው፦ ሁለት ሰዎች ፒስቶል ከሚባለው የወርቅ ገንዘብ 32፣ 32 አስይዘዋል፤ በጠቅላላው 64። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አንድ ጊዜ አሸንፈው ሳለ ጨዋታው ተቋረጠ። እንዴት ይካፈሉ?

ፓስካል እንዲህ አሰበ። አንድ ጨዋታ ቢጨመር ወይ መሪው አሸንፎ 64ቱን ይጠቀልላል፣ ወይ ሁለት ለሁለት ሆነው 32፣ 32 ይካፈላሉ። ስለዚህ 32ቱ በማንኛውም መንገድ የመሪው ነው። የቀረውን 32 ደግሞ እኩል ይካፈሉት። ለመሪው 48፣ ለተመሪው 16። 16 ከ64 ስንት ነው? ሩብ። ሩብ ዕድል ያለው ሰው የገንዘቡ ሩብ ይገባዋል። እየተሸነፈ ነው ተብሎ ባዶ እጁን አይሄድም። አንተ ግን ኪዩብ በተገፋልህ ቁጥር ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው።

በማኪያቶ እንቁጠረው። ልክ እንደዚህ ሩብ የማሸነፍ ዕድል ያለህ አራት ጨዋታ አለ በል። አራቱንም ከተውክ 4 ማኪያቶ ትከፍላለህ። አራቱንም ከተቀበልክ እያንዳንዱ 2 ነው፤ ሦስቱን ተሸንፈህ 6 ትከፍላለህ፣ አንዱን አሸንፈህ 2 ትቀበላለህ። ኪሳራህ 4 ነው። እኩል! ስለዚህ 25 ከመቶ ላይ ብትተውም ብትቀበልም አንድ ነው። ከዚያ በላይ ዕድል ካለህ መተው ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ምን ያህል እንደሚፈስ ደግሞ እይ። ጋሼ 60 ከመቶ ላይ ሆነው ቢገፉልህስ? ይሄ ለሳቸው ገና ነው፤ ቸኩለዋል። ግን ሁልጊዜ እንደምትተው ካወቁ ምን ቸገራቸው? እንዲህ ያለ 100 ጨዋታ ብትተው 100 ማኪያቶ ትከፍላለህ። ብትቀበል 60ውን ተሸንፈህ 120 ትከፍላለህ፣ 40ውን አሸንፈህ 80 ትቀበላለህ፤ ኪሳራህ 40 ብቻ ነው። በመተውህ 60 ማኪያቶ በነጻ ሸኘህ ማለት ነው። በዛሬ የማኪያቶ ዋጋ ይሄ ቀልድ አይደለም።

እኔ ያለሁት በከተማው ምሥራቅ ዳር፣ አያት በኩል ነው። እዚህም ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚጫወቱ አሉ። ሰሌዳቸው አርጅቷል፤ የጠፉት ጠጠሮች በለስላሳ ቆርኪ ተተክተዋል። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ኪዩብ ሲገፋ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ያለቀለት ጨዋታ ይመስልሃል። ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን ሳያይ ቁልፉን አይቶ ይተዋል። ስቆጥር ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ገና ክፍት ነው። ሹፌሩ ሒሳብ አይችልም፤ ሰው ግን ያውቃል። ጋሼ እንዲህ ያደርጋሉ አላልኩም። ግን ኪዩብ ሲመጣ ዓይንህ ሰሌዳው ላይ ይሁን።

አሁን ያዛት ያልኩህን ልፍታ። ኪዩቡን ስትቀበል የጨዋታው ዋጋ እጥፍ መሆኑ ብቻ አይደለም። ኪዩቡ ያንተ ሆነ። ነገሩ ከተገለበጠ 4 አድርገህ ትገፋላቸዋለህ፤ እሳቸው ግን መልሰው ሊገፉብህ አይችሉም። ይሄ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤሜት ኪለርና ጆኤል ስፔንሰር የሚባሉ የሒሳብ ሰዎች፣ ጨዋታው በትናንሽ እርምጃ ብቻ ወደላይ ወደታች የሚል ቢሆን የመቀበያው ወለል ከ25 ወደ 20 ከመቶ እንደሚወርድ አሳዩ። እውነተኛው ጨዋታ ግን በአንድ 6-6 ዘሎ ይገለበጣልና ወለሉ በሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ነው። የመጨረሻ ጥል ላይ ብቻ ንጹህ 25 ይሆናል፤ ምክንያቱም ኪዩቡን የምትጠቀምበት ቀጣይ ተራ የለህም።

ይሄን ሁሉ ሰምተህ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ አትቀበል። ጋሞን የሚባል ነገር አለ። አንድም ጠጠር ሳታወጣ እሳቸው ከጨረሱ ሽንፈቱ እጥፍ ነው። ኪዩቡ 2 ላይ ከሆነ 4 ትከፍላለህ። ለምሳሌ ሁለት ጠጠርህ ተመትተው መሃል ተቀምጠዋል፣ እሳቸው 5 ቤት ዘግተዋል። ከ100ው 30ውን ታሸንፋለህ እንበል፤ ከምትሸነፈው 70 ግን 25ቱ ጋሞን ነው። 30 ጊዜ 2፣ 60 ትቀበላለህ። 45 ጊዜ 2፣ 90 ትከፍላለህ። 25 ጊዜ 4፣ ሌላ 100። ኪሳራው 130 ማኪያቶ ነው፤ ብትተው 100 ነበር። 30 ከመቶ ዕድል እያለህም መተው አለብህ። እንግዲህ ሩብ የሚለው ልክ የሚሠራው ጋሞን በሌለበት ነው፤ ለምሳሌ እንደ እሁዱ ሩጫ። በነገራችን ላይ፣ በማኪያቶ ስትጫወቱ የጃኮቢን ደንብ ትከተሉ እንደሆነ ከጋሼ ጋር ተነጋገሩ። በሱ መሠረት ኪዩቡ አንድ ጊዜ ካልተገፋ ጋሞን አይቆጠርም። አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጎረቤት ያጣላል።

መስጠቱ ላይ አጭር ልሁን፤ ጥያቄህ ስለ መቀበል ነውና። ከግማሽ ስላለፍክ ብቻ አትገፋም፤ ኪዩቡን አሳልፈህ መስጠትህ ነው። በተለምዶ ዕድልህ 70 ከመቶን ሲያልፍ ማሰብ ትጀምራለህ። ዋናው ጥያቄ «በሚቀጥለው ጥል ነገሩ ከተሳካልኝ ተቃራኒዬ ይተዋል?» የሚለው ነው። አዎ ከሆነና እንዲህ የሚያሳካልህ አወዳደቅ ብዙ ከሆነ አሁኑኑ ስጥ፤ ከዘገየህ የሚቀበልህ አይኖርም። ኪት ዉልሲ የሚባል አሜሪካዊ ተጫዋች ደግሞ ጥሩ ዘዴ አለው። ሰሌዳውን በተቃራኒህ ወገን አድርገህ እይ፤ «እኔ ብሆን እቀበላለሁ ወይስ እተዋለሁ?» በል። በእርግጠኝነት መመለስ ካልቻልክ ግፋ። አንተን ያስጨነቀህ እሱንም ያስጨንቀዋል፤ ተጨንቆ ደግሞ ይሳሳታል። አንዳንዴ ግን ጋሞን በጣም ከቀረበህ አለመግፋት ይሻላል። እሱ ትቶ በ1 እንዲያመልጥ ለምን በር ትከፍትለታለህ?

የእሁዱ ቦታ ይኸው። ስትጀምሩ ለእያንዳንዳችሁ 167 እርምጃ ነበራችሁ። አንድ ጥል በአማካይ 8 እርምጃና ትንሽ ያስኬዳል፤ ጥንድ አራት ጊዜ ስለሚቆጠር ነው እንዲህ ከፍ ያለው። አንተ በ10 እርምጃ ወደኋላ ነበርክ። ይሄ ከአንድ ጥል ትንሽ በለጥ ይላል። ከዚያ ላይ ተራው የሳቸው ነው። አንድ ጥሩ ጥንድ ግን ይሄን ልዩነት ይበላዋል፦ 5-5 20 እርምጃ ነው፣ 6-6 ደግሞ 24።

ለእንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ ተጫዋቾች የሚይዙት ሦስት ቁጥር አለ፦ 8፣ 9፣ 12። ባለተራው የቀረውን እርምጃ ይቆጥራል። በዚያ ላይ 8 ከመቶ ከመራ ኪዩቡን ይሰጣል። ኪዩቡ ቀድሞ የሱ ከሆነና መልሶ የሚገፋ ከሆነ 9 ከመቶ ይጠብቃል። ተቀባዩ እስከ 12 ከመቶ ድረስ ይቀበላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይተዋል። ጋሼ 100 ነው የቀራቸው፣ ስለዚህ ሒሳቡ እጅግ ቀላል ነው። 108 ከሆንክ ይሰጣሉ። እስከ 112 ትቀበላለህ። አንተ 110 ነበርክ። የማሸነፍ ዕድልህ ሩብ አካባቢ ነበር፣ ኪዩቡም ያንተ ይሆን ነበር። 115 ብትሆን ኖሮ መተውህን አልከራከርህም። 105 ብትሆን ደግሞ መስጠታቸው ራሱ ስህተት ነበር። እርምጃው ወደ 40ና 30 ሲወርድ ግን ይሄን ደንብ አትመነው። እዚያ ስንት እርምጃ ቀረ ከማለት ስንት ጠጠር ቀረና የት የት ተቀመጠ የሚለው ይበልጣል።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ጂኤንዩ ባክጋሞን የሚባል ፕሮግራም አለ። ነጻ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አንዴ ከጫንከው ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ስትተው ሰሌዳውን በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ማታ አስገብተህ ምን እንደሚልህ እይ። ከጋሼ ፊት ግን አታድርገው።

ጨዋታ ሲያልቅ ያለውን አንድ ቦታ ልስጥህና ላብቃ፤ እዚያ ሁሉም ነገር በጣት ይቆጠራል። አንተ ሁለት ጠጠር ቀርተውሃል፤ ከመውጫው ሲቆጠር አንዱ 5ኛው ቤት፣ ሌላው 2ኛው ላይ። ጋሼ አንድ ጠጠር ብቻ ቀርታቸዋለች፣ እሷም 1ኛው ቤት ላይ ናት። ተራው ያንተ ነው፤ አሁን ካልጨረስክ አለቀልህ። ኪዩቡ አንተ ዘንድ 2 ላይ ነው። ትገፋለህ?

ቁጠር። እዚህ ከቤቱ ቁጥር የሚበልጥ ዳይስም ጠጠሩን ያወጣል። 6 ከ2፣ ከ3፣ ከ4 እና ከ5 ጋር፣ እያንዳንዱ ሁለት መንገድ፣ 8። 6-6 ሲጨመር 9። 5 ከ2፣ ከ3 እና ከ4 ጋር 6፤ 5-5 ሲጨመር 7። እስካሁን 16። ከዚያ 4-4፣ 3-3 እና 2-2 ይጨርሱልሃል። 2-2ን ሞክራት፦ ከ5 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1፣ ውጣ፤ አራተኛዋ ሁለት 2ኛውን ቤት ታወጣልሃለች። በጠቅላላው 19። ከ36ቱ 19ኙ ያንተ፣ 17ቱ የሳቸው። ብልጫህ ጠባብ ቢሆንም ብልጫ ነው። ቀጣይ ተራ ስለሌለ ኪዩቡን በመስጠትህ የምታጣው ነገር የለም። 4 አድርገህ ግፋ። እሳቸው 17 ከ36 ይዘዋልና ይቀበላሉ፤ መቀበልም አለባቸው።

አሁን ገልብጠው። ሁለቱ ጠጠሮች የጋሼ ናቸው፤ አንዱ 6ኛው፣ ሌላው 1ኛው ቤት ላይ። አንዷን ጠጠር 1ኛው ቤት ላይ የያዝከው አንተ ነህ፤ ተራው የሳቸው። የመጀመሪያው ቦታ ላይም ይሄኛውም ላይ የቀረው እርምጃ 7 ነው። የሚጨርሱላቸው አወዳደቆች ግን 6 ያለባቸው 11ዱና 5-5፣ 4-4፣ 3-3፣ 2-2 ናቸው። 15 ብቻ። ልማድህን ተማምነው እዚህ ላይ ኪዩብ ከገፉልህ ቶሎ ተቀበል፤ ከ36ቱ 21ዱ ያንተ ናቸው።